ለእንግዳ ብቻ የሚጮኽ ማሽን

ባለቤቴ የአበባ አፈር ግዛልኝ ብላ ባትልከኝ ኖሮ፣ በማግስቱ በአደባባይ አፌን ሞልቼ በሁለት ቋንቋ ልዋሽ ነበር። ሥራዬ የቋንቋ መምህርነት ነው፤ ነገር ግን ከውጭ እንግዳ በመጣ ቁጥር ማዘጋጃ ቤቱ ለአስተርጓሚነት ይጠራኛል። በማግስቱም ከከተማችን ጋር የእህትማማችነት ውል ያላት አንዲት የሩቅ አገር ከተማ የላከቻቸው ልዑካን፣ በእርዳታዋ የተተከለውን የቆሻሻ መፍጫ ማሽን ሊጎበኙ ቀጠሮ ተይዞ ነበር።

የችግኝ መሸጫው ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከጎማ ጥገናው ጎን ነው። ባለቤቱ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ገና ከሩቅ ሲያየኝ እጁን አወዛወዘ።

«አፈር የለም መምህር! አለቀ እኮ፤ አንድ እፍኝ አልቀረኝም።»

«አፈር ደግሞ እንዴት ያልቃል?»

«ሲገዙት ያልቃላ! የኮምፖስት ግቢው ሰዎች ከጠዋት ጀምረው ጥቁር አፈሬን ጠራርገው ወሰዱት። ይኸው የመጨረሻውን እየጫኑ ነው።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። የኮምፖስት ግቢ ማለት የከተማውን ቆሻሻ አብላልቶ ለም አፈር የሚያደርግ፣ ያንንም ለአትክልተኛ የሚሸጥ ቦታ ነው። «እነሱ እኮ አፈር ይሸጣሉ እንጂ አይገዙም» አልኩት።

ሰውየው ሳቁን ሊደብቅ ጎንበስ አለና «እሱን እንግዲህ እነሱን ይጠይቋቸው። እኔ የማውቀው የውጭ እንግዳ በመጣ ቁጥር ገበያዬ እንደሚደራ ነው። እግዜር እንግዳ አያሳጣን» አለ።

በጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ የግቢው ኃላፊ ተቀምጠዋል። ሠራተኛው ሁሉ «አለቃ» ነው የሚላቸው። ፀጉራቸው ነጭ፣ ኮታቸው እስከ አንገት የተቆለፈ፣ ለትንሽም ለትልቅም ከመቀመጫቸው የሚነሱ ሽማግሌ ናቸው። እኔን ሲያዩ ወርደው ጨበጡኝ። ነገ እንደማስተረጉም ሲሰሙማ ደስታቸውን የሚያደርጉበት አጡ።

«ይግቡ፣ ይግቡ መምህር! ቦታ አለ። ግቢያችንን ዛሬውኑ አይተውት ቢያድሩ ነገ ቃሉ ይቀልልዎታል።»

ስለ አፈሩ ልጠይቃቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን እንዲያ ባለ አክብሮት የተቀበለን ሰው በምን አንጀት ይጠየቃል? ዝም ብዬ ተሳፈርኩ።

ግቢው እንደገባን ሴቶች ከረጢት ይዘው መኪናውን ከበቡት። ከረጢቶቹ ላይ የሁለቱ ከተሞች ዓርማ ታትሟል፤ በመካከላቸውም ሁለት እጆች ተጨባብጠዋል። የችግኝ መሸጫው አፈር በአካፋ እየተዛቀ ወደ ከረጢቶቹ ይገባ ጀመር። ከቢሮው በር ላይ ደግሞ የሥራ ቱታ የለበሰች ወጣት እጆቿን አጣጥፋ ታያለች። የአለቃ የወንድማቸው ልጅ ናት፤ አባቷ ሲሞት እሳቸው ናቸው ያሳደጓትና ያስተማሯት። ምህንድስና ተምራ ባለፈው ዓመት እዚያው ግቢ ተቀጥራለች።

«ጋሼ፣ ዘንድሮም?» አለች።

«ዘንድሮም ምን?»

«ዘንድሮም አፈር ገዝተን የኛ ነው ልንል?»

«ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ ልጄ፤ እንግዳ ይዣለሁ።»

«እኚህማ እንግዳ አይደሉም፤ ነገ የሚያስተረጉሙት መምህር ናቸው። እንዲያውም ደግ ነው። የሚያስተረጉሙትን ነገር ቀድመው ይዩት» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ወደ ማሽኑ ይዛኝ ሄደች። አለቃ ከኋላችን ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ተከተሉን።

ማሽኑ አረንጓዴ ነው፤ አንድ ክፍል ቤት ያክላል። ንጽሕናው ራሱ አሳበቀበት። ቆሻሻ የሚፈጭ ነገር እንዲያ ሊያብረቀርቅ አይችልም። ልጅቱ ክዳኑን ብድግ አድርጋ አሳየችኝ። ውስጡ ባዶ ነው፤ ምላጭ የሚባል ነገር የለውም።

«ምላጮቹስ?»

«ከተሰበሩ ቆዩ። ማሽኑ የተሠራው ለነሱ አገር ቆሻሻ ነው፤ ለደረቅ ቅጠል፣ ለወረቀት፣ ለተቆረጠ ቅርንጫፍ። የኛን ያውቁታል፤ እርጥብ ልጣጭ ነው፣ ከደጅ የተጠረገ አፈርና አመድ አለበት። ውስጡ ሲገባ ሊጥ ይሆናል፤ ምላጩን ይዞ ያጣምመዋል። መለዋወጫው ደግሞ ከነሱ ፋብሪካ በቀር የትም የለም። ስለዚህ ነገ ሞተሩ ብቻ ይነሳል። ይጮኻል፤ ይጨበጨባል፤ ይጠፋል።»

«ታዲያ የከተማው ቆሻሻ የት ነው የሚሄደው?»

ከግቢው ጀርባ የቆርቆሮ በር አለ። ስትከፍተው ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ከበሩ ማዶ ገደል ነው። አንድ የቆሻሻ መኪና ኋላውን ዘቅዝቆ ያራግፋል። ልጣጩ፣ ላስቲኩ፣ አሮጌ ሬዲዮውና የተቀደደ ጫማው እየተንከባለለ ወንዙ ዳር ይደርሳል። ዝቅ ብሎ፣ ከመታጠፊያው በታች፣ ሴቶች ጀሪካን ተሸክመው ከዚያው ወንዝ ውሃ ይቀዳሉ። እኔ በዚያ ሰዓት የተሰማኝን በጨዋ ቋንቋ መጻፍ አልችልም። በየዓመቱ ፎቶ የሚነሳበት ግቢ፣ ጀርባው ይህ ነው!

ልጅቱ በሩን ዘግታ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። እዚያ በእንጨትና በአሮጌ ሸራ የተሠራ መጠለያ አለ፤ ሥሩ ረጃጅም ክምሮች ተደርድረዋል። አንዲት ሠራተኛ በመንሽ አንዱን ክምር ስትገለብጠው እንፋሎት ወጣ። መጥፎ ሽታ የለውም፤ ዝናብ ካባራ በኋላ እንደሚሸተው መሬት ነው የሚሸተው።

«ይኼ የኛ ሥራ ነው» አለችኝ፤ ፊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ። «ልጣጩን ከአመዱ ጋር አመጣጥነን እንከምረዋለን፤ እየገለበጥን አየር እናስገባዋለን፤ ከጊዜ በኋላ አፈር ይሆናል። ምላጭ አይፈልግም፤ መብራት አይፈልግም። ጥቂት ነው እንጂ ይሠራል።»

«ታዲያ ለምን ጥቂት ይሆናል? ለምን አታሰፉትም?»

«በምን? ማሽኑ ሁሉንም ይፈጫል ተብሎ ለበላይ ተነግሯል። ማሽኑ ከፈጨ መጠለያ ለምን ያስፈልጋል? አንዲት ቆርቆሮ እንኳ አይፈቀድልንም። አሁን ይባስ ብሎ ነገ የሁለተኛው ማሽን ውል ይፈረማል። አንድ ዓይነት ማሽን፣ የዚያኛው መንታ! የሚተከለው የት መሰልዎት? እዚሁ ላይ ነው። ከተፈረመ ይኼ መጠለያ ይፈርስና ሲሚንቶ ይፈስስበታል። ቆሻሻው ሁሉ ገደል ይገባል።»

ወደ ቢሮ ተመለስን። አለቃ ወንበር ሳቡልኝ፤ ሻይም አስመጡ። ልጅቱ ግን አልተቀመጠችም። ከዚህ በኋላ የሰማሁትን ክርክር እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ፤ ሁለቱም ወገን ሊደመጥ የሚገባው ነውና።

«እኔ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ልጄ» አሉ አለቃ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ሰው ቤትሽ ሲመጣ ጓዳሽን ታስጎበኚዋለሽ? ያልታጠበ ሰሃን፣ የተቀደደ አንሶላ እያወጣሽ ታሳዪዋለሽ? አታሳዪውም። ሳሎኑን ታሰናጃለሽ፣ የተሻለውን ወንበር ታቀርቢለታለሽ፣ አመስግኖ ይሄዳል። ይኼ ጨዋነት እንጂ ውሸት አይባልም። ገበናን መሸፈን ከኔ የተማርሽው ነው።»

«ከእርስዎ ነው የተማርኩት፤ አልክድም ጋሼ። ግን እነዚህ ሰዎች ሻይ ጠጥተው ሊሄዱ የመጡ እንግዶች አይደሉም። ውል አለን። ውል ያለው ሰው ሸሪክ ነው። ሁለት ሰዎች በሽርክና ሱቅ ከፍተው አንደኛው ዕቃው መበስበሱን ከሌላው ቢደብቅ፣ ጨዋ ይባላል?»

«ሸሪክማ ያዋጣል። እኛ ምን አዋጣን? እነሱ ሰጪ ናቸው፤ እኛ ተቀባይ ነን። የሰጠሽን ሰው ‹ስጦታህ አይረባም› ማለት ነውር ነው።»

«ምን ያላዋጣነው አለ?» ልጅቱ ጠረጴዛውን በመዳፏ ነካ አደረገችው። «መሬቱ የኛ ነው። ጉልበቱ የኛ ነው። በሽታውም የኛ ነው። ሰማዩስ የማን ነው? እነሱ ከአያት ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ በየፋብሪካው ያጨሱት ጭስ እነሱ አገር ብቻ አልቀረም። ይኸው ዝናቡ ያለ ወቅቱ ይመጣል፤ ሲመጣም ገደሉን ጠርጎ ወንዝ ውስጥ ይከትተዋል። የተገለገሉበት ሬዲዮና ጫማ በመርከብ ተጭኖ እኛ ገበያ ይራገፋል፤ ሲያልቅ የሚጣለው እኛ ገደል ውስጥ ነው። ይኼ ሁሉ ባለበት ‹ሰጪና ተቀባይ› የሚባለው በምን ሒሳብ ነው? ምጽዋት አልጠየቅንም ጋሼ። የጋራ ጣጣ ነው፤ አብረን የመውጣት ግዴታ አለብን። እነሱም አለባቸው፤ እኛም አለብን።»

እኔ በበኩሌ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝ። ስንት ስብሰባ ላይ ‹ትብብር› የሚለውን ቃል እየተረጎምኩ አፌ ደርቋል፤ በዚያች ጠባብ ቢሮ ውስጥ እንደዚያን ቀን ግልጽ ሆኖልኝ ግን አያውቅም። አለቃ የሻዩን ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አንቺ ልጅ ነሽ» አሉ። «ቢሰሙ ምን እንደሚሉን አታውቂም። ‹ሰጠናቸው፣ ሰበሩት› ነው የሚሉት። እኔ በወጣትነቴ የመንገድ ሥራ ላይ ነበርኩ። የውጭ ባለሙያ ነበረን። መፍቻ እጄ ላይ ባየ ቁጥር ይነጥቀኝ ነበር። ‹ተው፣ ትሰብረዋለህ› ነበር ቃሉ። ሥራውን ከሱ ባልተናነሰ አውቀው ነበር። በሰው ፊት፣ ባልደረቦቼ እያዩ ነው የሚነጥቀኝ። ያን ጊዜ ማልኩ፤ ከእንግዲህ የተሰበረ ነገር ይዤ ፈረንጅ ፊት አልቆምም ብዬ።»

ልጅቱ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ይኼንን ነግረውኝ አያውቁም።»

«ምን ብዬ እነግርሻለሁ?»

«ያ ሰው ባለጌ ነው፤ ባለጌ ነው ጋሼ፣ ሌላ ስም የለውም» አለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ግን ይኼንን ምላጭ እርስዎ አልሰበሩትም። እኛ አልሰበርነውም። የነሱ መሐንዲሶች ማሽኑን ከመላካቸው በፊት አንድ ቀን መጥተው የኛን ቆሻሻ በእጃቸው ቢነኩት ኖሮ፣ ለኛ እንደማይሆን እዚያው ባወቁት ነበር። አልመጡም። አልጠየቁም። መመሪያው እንኳ እዚህ ማንም በማያነበው ቋንቋ ነው የተጻፈው። ከዚያ እኛም አልተናገርንም። ታዲያ እርስዎ በየዓመቱ አፈር እየገዙ የሚሸፍኑት የራስዎን ገበና መሰለዎት? የነሱን ነው። ለነሱ ጥፋት የእርስዎን ኮት ነው የሚያለብሱት።»

ይህ ነገር ሽማግሌውን እንደነካቸው አየሁ፤ ግን አሁንም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ምክትል ከንቲባው ምን ይለኛል? ለሁለተኛው ማሽን ድግስ ተደግሷል። ነገ ያንን ሁሉ አፍርሼ የት እገባለሁ? ይሁን ግድ የለም፤ ዘንድሮን እንለፍ። ማንንም አልጎዳንም።»

እዚህ ላይ እኔም አላስቻለኝም። ጠዋት ሆቴል ሄጄ የልዑካኑን መሪ አግኝቻቸው ነበር፤ ስለሚናገሩት ነገር አስቀድመን እንድንነጋገር ፈልገው ነው። ነገሩ በማግስቱ በአደባባይ የሚነገር እንጂ ምስጢር አይደለም።

«አለቃ፣ በአባትና በልጅ ጨዋታ መሀል ስለገባሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ማንንም አልጎዳንም ላሉት ግን አንድ የማውቀው ነገር አለ። ነገ መሪዋ ምን እንደሚያበስሩ ነግረውኛል። የእርስዎ ማሽን እንዲህ በደንብ ስለሠራ፣ ያንኑ ማሽን እንደኛው ችግር ላለባቸው የሌሎች አገሮች ከተሞች ሊልኩ ነው። ‹ምሳሌያችን እናንተ ናችሁ› ነው የሚሉት።»

አለቃ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«የኛ ዓይነት ቆሻሻ ነው ያላቸው?»

«እንደኛው ዝናብ ይበዛባቸዋል። ልጣጭና አመድ ነው የሚጥሉት።»

«እዚያም ግቢውን የሚመራ ሰው ይኖራል።»

«ይኖራል እንጂ።»

«ምላጩ ይሰበርበታል» አሉ ሽማግሌው፤ ከኛ ጋር ሳይሆን ከራሳቸው ጋር የሚነጋገሩ ይመስላሉ። «ይሰበርበትና ይናገራል። ደፋር ከሆነ ይናገራል። ያን ጊዜ የኛን ከተማ ፎቶ አውጥተው ‹እነሱ ጋ ይሠራል፤ አንተ ጋ ለምን አልሠራም? አንተ ነህ የሰበርከው› ይሉታል።»

ምን ይጨመርበታል? ክርክሩን ራሳቸው ጨረሱት። አለቃ ተነስተው ወደ ግቢው ወጡ። በአካፋ አፈር የሚዝቁትን ሴቶች «በቃ፣ ተዉት» ሲሉ ሰማኋቸው። «መኪናው ላይ መልሱት፤ ነገ አንፈልገውም።»

በማግስቱ ልዑካኑ መጡ። ምክትል ከንቲባው አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከፊት ከፊት ይላል። ማሽኑ ዘንድ ስንደርስ ሞተሩ አልተነሳም። ምክትሉ ወደ አለቃ ጠጋ ብሎ በጆሯቸው «ለምንድን ነው የማይጮኸው?» ሲል ሰማሁት።

«ዛሬ አይጮኽም» አሉት አለቃ፣ በትሕትና። ከዚያ ማሽኑን አልፈው፣ እንግዶቹን አስከትለው፣ የጀርባውን የቆርቆሮ በር ወለል አድርገው ከፈቱት።

የልዑካኑ መሪ አፍንጫቸውን ያዙ። ከነሱ መሀል አንድ ወጣት መሐንዲስ እስከ ገደሉ አፋፍ ሄዶ ቁልቁል አየ። አለቃ ኮታቸውን ቆልፈው ቆሙና መናገር ጀመሩ፤ እኔም ከእግር ከእግር እየተከተልኩ ተረጎምኩ።

«ማሽናችሁ አይሠራም። ከተተከለ ዓመት ሳይሞላው ነው የቆመው። እናንተ ስትመጡ ሞተሩን እያስጮኽን፣ ከገበያ የገዛነውን አፈር በከረጢት ሞልተን እናሳያችሁ ነበር። ያሳየኋችሁ እኔ ነኝ። የከተማችን ቆሻሻ የሚገባው እዚህ ነው፤ ያንን ውሃ የሚጠጡት እነዚያ ከታች የሚቀዱት ናቸው።»

ምክትሉ እጅጌዬን ጎትቶ «ይኼንን አትተርጉመው!» አለኝ። ዘግይቶ ነበር። የመሪዋ ፊት በርበሬ መሰለ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ዋሻችሁን ማለት ነው?» አሉ። «እኛ ለሕዝባችን ምን ብለን ነው የምንነግረው? በየዓመቱ መጥተን ነበር እኮ! ለምን አልነገራችሁንም?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ሊደፉ ሲሉ ልጅቱ ወደ ፊት ወጣች።

«አዎ፣ ዋሽተናል፤ ጥፋታችን ነው። እናንተስ? በየዓመቱ መጥታችኋል፤ ከመሀላችሁ አንድ ቀን ክዳኑን ከፍቶ ያየ ሰው አለ? ከረጢቱን ይዛችሁ ፎቶ ስትነሱ፣ ውስጡ ያለው አፈር ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አለ? ከመላካችሁ በፊት ‹ቆሻሻችሁ ምን ዓይነት ነው?› ብላችሁ ጠይቃችኋል? እኛ ያልተናገርነው አፍረን ነው። እናንተ ያልጠየቃችሁት ግን ያውቃሉ ብላችሁ ስላላሰባችሁን ነው!»

አንዲት ቃል ሳላለሰልስ ተረጎምኩት። እንዲያውም ድምፄ ከአስተርጓሚ ወግ በላይ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ ለዚህ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው የለም። በየአዳራሹ ጭብጨባ እየተለዋወጥን ወንዝ ስንበክል የኖርን ሰዎች፣ አንድ ቀን እንኳ ብንጯጯህ ምን አለበት?

መልሱ የመጣው ከዚያ ወጣት መሐንዲስ ነው። ተመልሶ የማሽኑን ክዳን አነሳ፤ ባዶውን ውስጥ አየ። ከዚያ ገና ካልተራገፈ አንድ የቆሻሻ መኪና ላይ እፍኝ ቆሻሻ ዘግኖ በጣቶቹ አሻሸው፤ አመዱና ልጣጩ እጁ ላይ ተጣበቀ። ለመሪዋ «ይህ ማሽን ለዚህ ነገር አልተሠራም። ማንም ቢይዘው ይሰበር ነበር» አላቸው። ይህንን ስተረጉም አለቃን አየኋቸው። ቀና ብለው ቆመዋል።

መሪዋ ወደ ምክትሉ ዞሩ። ከዚያ «ዛሬ የምፈርመው ነገር የለም» አሉ። «ግን አልሄድም። የሚሠራ ነገር ካላችሁ አሳዩኝ።»

ወደ መጠለያው ሄድን። ድግሱ በአዳራሽ እየጠበቀ፣ መሪዋ በተገለበጠ የእንጨት ሳጥን ላይ ተቀምጠው እስከ ቀትር ድረስ ጠየቁ። ሴቶቹ መለሱ፤ ልጅቱ አስረዳች፤ አለቃ አረሙ። እኔ ውሃ ለመጠጣት እንኳ ጊዜ አጣሁ። በስንት ዓመት የእህትማማችነት ውል ሁለቱ ከተሞች በወጉ የተነጋገሩት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ለማየት የሚፈልግ ግቢው ድረስ ይሂድ። ለሁለተኛው ማሽን የታሰበው ገንዘብ መጠለያ ሆነ፤ የቆርቆሮ ጣሪያው አሁን ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ ይደርሳል። ያ ወጣት መሐንዲስ ተመልሶ መጥቶ ክረምቱን ሙሉ እዚሁ ከረመ፤ መንሽ ይዞ ክምር ሲገለብጥ እጁ ውሃ ቋጥሯል፤ ያየውንም ለአገሩ ሰዎች ጽፏል። የገደሉ አፍ በአጥር ተዘጋ። ከታች ያሉት መንደሮች ውሃ በየጊዜው ይመረመራል፤ የመመርመሪያውን ዕቃ እህት ከተማዋ ሰጠች፤ ምርመራውን የኛ ልጆች ይሠራሉ። አትክልተኛው ደጃችን መጥቶ አፈር ይገዛል፤ የችግኝ መሸጫው ባለቤትም ሳይቀር። ከግቢው ሴቶች ሁለቱ ወደ እህት ከተማችን ሄደው፣ እዚያ ያሉትን ሰዎች የወጥ ቤት ቆሻሻ እንዴት እንደሚከመር አስተምረው መጡ። እነሱም ለካ የሚጥሉት ልጣጭ ነበራቸው!

እንግዲህ እናንት ሰጪዎች፣ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ፤ የሰጣችሁትንም ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ። እኛ ተቀባይ የምንባለውም አፋችንን እንክፈት። የምንኖርበት መሬትና የምንጠጣው ውሃ ለይሉኝታ የሚከፈል ዋጋ አይደለም። ይህን ስጽፍ አሁንም እናደዳለሁ። ስንት ከተማ ውስጥ ስንት ማሽን ለእንግዳ ብቻ እንደሚጮኽ ማን ያውቃል?

ለሌሎቹ ከተሞች ሊላኩ የነበሩት ማሽኖች ቀርተዋል። አንዱ ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጉብኝት ማግስት፣ እኛ ያስጮኽነውን ሞተር ተማምነው ልከውት ኖሮ ለካስ ቀድሞ ደርሷል። በቅርቡ ማሽኑ ከደረሰበት ከተማ የግቢው ኃላፊ ሥራችንን ሊያይ መጣ፤ ዕድሜው ገና ነው። አለቃ ቢሮ አስገብተው ወንበር ከማቅረባቸው በፊት በቀጥታ ማሽኑ ዘንድ ወሰዱት፤ ክዳኑን አንስተው ባዶውን አሳዩት። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ውስጡን አየ። ከዚያ በኔ በኩል ጠየቃቸው።

«እንደማይሠራ ያወቃችሁት መቼ ነው?»

«የናንተ ከመምጣቱ በፊት» አሉ አለቃ።

«ከኔ በፊት ግቢውን የሚመሩ ሰው ነበሩ» አለ ሰውየው። «እርስዎን የሚያክሉ ሽማግሌ ናቸው። እናንተ ጋ ይሠራል ስለተባለ፣ ‹ሰበሩት› ተብለው በሰው ፊት ተባረሩ። እስከ ዛሬ ከቤት አይወጡም።»

ተረጎምኩላቸው። አለቃ ክዳኑን ቀስ ብለው ዘጉት።

«መምህር፣ የዚያን ሽማግሌ ስልክ ይቀበሉልኝ» አሉኝ። «የከተማቸውን ማዘጋጃ ቤትም ጭምር። ያልሰበሩትን ነገር ነው ሰበሩ የተባሉት፤ ያስባረራቸው የኔ ውሸት ነው። እኔ በራሴ አፍ እናገራለሁ፤ እርስዎ እንዳለ ይተርጉሙልኝ።»

ሰውየው ሁለቱንም ቁጥር ሰጠን። እዚያው ማሽኑ አጠገብ ቆመን ደወልን።